ከበረራ በፊት የሚዘነጋው ክትባት፦ ኢንፍሉዌንዛና የውጭ ሀገር ተጓዦች

ባሕር ዳር፦ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ወላጆች፣ ለሐጅ ወደ መካ የሚጓዙ ሑጃጆች፣ ለሥራ ወደ ዓረብ ሀገራትና ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያቀኑ ወጣቶች ከመነሣታቸው በፊት የሚያዘጋጁት ነገር ብዙ ነው። ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱ፣ በሻንጣ የሚጫነው በርበሬና ሽሮ ሁሉ በየተራው ይታሰባል። ከዚህ ሁሉ ዝግጅት መካከል ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ የሚቀረው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ነው። በአየር ማረፊያ ካርዱን የሚጠይቅ ስለሌለ አስፈላጊነቱ አይታይም። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የአስም ሕመም ላለባቸው ተጓዦች ግን የጉዞው ዓላማ በሆስፒታል አልጋ ላይ እንዳይጠናቀቅ ከሚያግዙ ቀላል ጥንቃቄዎች አንዱ ይኸው ክትባት ነው።

ይህ ክትባት ከሌሎቹ የጉዞ ክትባቶች በአንድ ዐቢይ ነጥብ ይለያል። የቢጫ ወባ ክትባት አንድ ጊዜ ከተወሰደ፣ ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ማሻሻያ መሠረት፣ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን ወቅትም ሀገርም አለው። አምና የተወሰደው ለዘንድሮ አይበቃም። ስለዚህ ተጓዡ «ተከትቤአለሁ ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የምሄደው በየትኛው ወር ነው? የምሄድበት ሀገርስ በዚያ ወር በምን ወቅት ላይ ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

በ«ጉንፋን» ስም የተሸፈነው በሽታ

በአማርኛ አፍንጫን ብቻ የሚያፈስሰውም፣ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለውም ሕመም በአንድ ቃል «ጉንፋን» ይባላል። ሲጠናም «ብርድ መታኝ» ማለት የተለመደ ነው። ይህ የስም መቀላቀል በሽታውን አቅልለን እንድናየው አድርጎናል። ተራው ጉንፋን ከ200 በላይ በሆኑ ልዩ ልዩ ቫይረሶች የሚመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚጀምርና በአብዛኛው ያለ መድኃኒት የሚሻል ነው። ኢንፍሉዌንዛ ግን የራሱ ቫይረስ ያለው ሌላ በሽታ ነው። ድንገት ይጀምራል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ የራስ ምታት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ደረቅ ሳልና ከአልጋ የማያስነሣ ድካም ያስከትላል። ጤናማ ጎልማሳን ለሳምንት ያህል አስተኝቶ ሊለቅቀው ይችላል። በአረጋውያን፣ በሕፃናት፣ በነፍሰ ጡሮችና ነባር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ወደ ሳንባ ምች ሊሸጋገር፣ የልብንና የስኳርን ሕመም ሊያባብስ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው በወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ይያዛል። ከእነዚህ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት በጽኑ ይታመማሉ። ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚሆኑት ደግሞ በሽታው በሚያስከትለው የመተንፈሻ አካል ሕመም ሕይወታቸው ያልፋል።

ብርዱ ራሱ በሽታውን አይፈጥረውም። በቅዝቃዜ ወራት ሰዎች መስኮት ዘግተው በአንድ ክፍል ይሰበሰባሉ። በማሞቂያ የደረቀው አየርም ለቫይረሱ ይመቸዋል። በሽታው የሚተላለፈው አንድ ታማሚ ሲያስል፣ ሲያስነጥስና ሲናገር በሚወጡ ጥቃቅን ፍንጥቅጣቂዎች ነው። ታማሚው ምልክቱን ከማየቱ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ በሽታውን ማስተላለፍ ስለሚችል፣ «የታመመ ሰው አጠገቤ አልነበረም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

የአውሮፕላን ጉዞም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአላስካ ግዛት 54 ሰዎችን የያዘ አንድ አውሮፕላን በሞተር ብልሽት ምክንያት ለሰዓታት ቆሞ ነበር። በቆይታው ጊዜ የአየር ማዘዋወሪያው ተዘግቶ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ስለነበር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሳፋሪዎቹ 72 በመቶ የሚሆኑት ታመሙ። በበረራ ላይ የዘመናዊ አውሮፕላኖች አየር በልዩ ማጣሪያ ስለሚያልፍ እንዲህ ያለ ሁኔታ የተለመደ አይደለም። ቢሆንም ታሪኩ በተዘጋና አየር በማይዘዋወርበት ቦታ በሽታው ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ያሳያል። በአየር ማረፊያ ሰልፍ፣ በአውቶቡስና በመሸጋገሪያ አዳራሽ የሚኖረው መጨናነቅም ተጓዡን ያጋልጣል።

ኢትዮጵያ የምታውቀው በሽታ

ኢንፍሉዌንዛ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚሁ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። በ1911 ዓ.ም ኅዳር ወር በዓለም ላይ የተዛመተው ታላቁ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝብ ፈጀ። በከተማዋ ብቻ እስከ 10 ሺህ የሚደርስ ሰው እንደሞተ ይገመታል። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በበሽታው ተይዘው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ሕዝቡ ለበሽታው «የኅዳር በሽታ» የሚል ስም ሰጠው።

በዚያ ዘመን ክትባት አልነበረም፤ የበሽታው ምክንያት ቫይረስ መሆኑም ገና አልታወቀም ነበር። ዛሬ የሚዘዋወረው ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ እንደዚያ ዘመኑ ወረርሽኝ የከፋ ባይሆንም የዚያው ቤተሰብ ነው። ቫይረሱ ከጥንት ጀምሮ ሀገር ለሀገር የሚዞረው ከተጓዥ ሰው ጋር ነው።

ክትባቱ በየዓመቱ የሚቀየርበት ምክንያት

የስንዴ አምራች አርሶ አደር ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ ለዓመታት በሰፊው ሲመረት ቆይቶ በ2010 እ.ኤ.አ. በቢጫ ዋግ ክፉኛ ተመታ። በእሱ ምትክ በስፋት ከተዘሩት አንዱ የሆነው ዲገሉ ደግሞ ቢጫ ዋግን ቢቋቋምም፣ በ2013 እ.ኤ.አ. አዲስ በመጣ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ማሳዎች ላይ ወደቀ። የተለወጠው ስንዴው አይደለም። ዋጉ ራሱን ቀይሮ፣ ዝርያው የሚያውቀውን መከላከያ አልፎ ገባ።

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስም እንዲሁ ነው። በላዩ ላይ ያሉት ምልክቶች በየጊዜው በጥቂቱ ይለወጣሉ። አምና በክትባት ወይም በሕመም የተማረው የሰውነት መከላከያ ዘንድሮ የመጣውን ቫይረስ በሚገባ ላይለየው ይችላል። ከዚህም ሌላ ክትባቱ የሚሰጠው መከላከያ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። በመሆኑም የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ ባለሙያዎችን ይሰበስባል። በየካቲት ለሰሜን ንፍቀ ክበብ፣ በመስከረም ደግሞ ለደቡብ ንፍቀ ክበብ በሚዘጋጀው ክትባት ውስጥ የትኞቹ የቫይረስ ዓይነቶች እንዲገቡ ምክር ይሰጣል። ምክሩ የሚመሠረተው ከ100 በላይ ከሆኑ ሀገራት በሚሰበሰብ የቅኝት ውጤት ላይ ነው። በኢትዮጵያም የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ያካሂዳል።

ከምክሩ በኋላ ክትባቱን ለማምረት ወደ 6 ወር ያህል ይወስዳል። አብዛኛው የሚመረተው ጽንስ በያዘ የዶሮ እንቁላል ውስጥ ቫይረሱን በማራባት ነው። ከዚያ ቫይረሱ እንዲሞት ተደርጎ፣ ተጣርቶ፣ በመርፌ ለመሰጠት ይዘጋጃል። ያለ እንቁላል የሚመረቱ ዓይነቶችም አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ይህ ክትባት ለሰው ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ የተዘጋጀ እንጂ ከወፎች ለሚመጣው ኢንፍሉዌንዛ የሚሆን አይደለም። ለዶሮ የሚሰጠው የፈንግል ክትባትም ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

የአዝመራው ዕረፍትና የበሽታው ወቅት

በሰሜን ንፍቀ ክበብ፣ ማለትም በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ፣ ኢንፍሉዌንዛ የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ከሁሉም የሚከፋው በአብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው ሀገራትም በሽታው በዚሁ የቅዝቃዜ ወቅት ይበረታል። በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወቅቱ በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ ሀገራት ደግሞ በሽታው ዓመቱን ሙሉ ሊኖር ይችላል።

ይህ ለገጠሩ ቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው። አርሶ አደሩ ለጉዞ ፋታ የሚያገኘው አዝመራው ተሰብስቦ፣ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ያ ጊዜ ደግሞ በሰሜን ንፍቀ ክበብ በሽታው ጫፍ የሚደርስበት ነው። በጥር ወር ከጎጃም ወይም ከወሎ ተነሥተው ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ የሚገቡ አዛውንት በሽታው በበረታበት ሳምንት፣ ምንም ዓይነት የዘንድሮ መከላከያ ሳይኖራቸው ይደርሳሉ ማለት ነው።

በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማል። በዚያ ሀገር ለአንድ ወቅት የተመረተው ክትባት በአብዛኛው በሰኔ መጨረሻ ገደማ አገልግሎቱ ያበቃል። አዲሱ ወደ ፋርማሲዎች መግባት የሚጀምረው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። በመካከሉ ቢፈለግም ላይገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚደርሱ ወላጆች በሽታው ገና ስላልበረታ መጨነቅ አይኖርባቸውም። ነገር ግን በጉብኝት ቪዛ የሚገቡ ብዙዎች እስከ 6 ወር የሚቆዩ በመሆናቸው ቆይታቸው ወደ በሽታው ወራት ይዘልቃል። አዲሱ ክትባት ሲገባ፣ በተለይ እስከ ጥቅምት 21 ገደማ ባለው ጊዜ፣ መውሰድ ይገባቸዋል። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ለነዋሪው የሚሰጡት ምክርም ተመሳሳይ ነው፤ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ መከተብ ይመረጣል፣ ያለፈው ጊዜም ቢሆን ወቅቱ እስካላበቃ ድረስ ይጠቅማል።

ከመነሣት በፊት ወይስ ከደረሱ በኋላ?

ከክትባቱ በኋላ ሰውነት መከላከያውን ለመገንባት ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሚመረጠው ከበረራው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መከተብ ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አልተካተተም። በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ተጓዡ ለቢጫ ወባ ክትባት ወደ ከተማ በሚሄድበት ጊዜ፣ ለመንገደኞች ክትባት የሚሰጡ የጤና ተቋማትን ስለዚህም መጠየቅ ይችላል። ከተገኘ ከሌሎች የጉዞ ክትባቶች ጋር በአንድ ቀን መውሰድ ይቻላል። ሲጠይቁ ግን መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ክትባቱ ያላለፈበትና ለሚሄዱበት ወቅት የተዘጋጀ መሆኑን ማረጋገጥ።

ካልተገኘ ጉዞው አይቀርም፤ ቀጣዩ ዕድል በመድረሻው ሀገር ነው። በበሽታው ወራት የሚደርስ ሰው ክትባቱን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢወስድ ይመረጣል። መከላከያው እስኪገነባ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትልልቅ ግብዣዎችንና የተጨናነቁ አዳራሾችን መቀነስ፣ በሕዝብ መጓጓዣ ውስጥ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ይመከራል። እንግዳ መጣ ብሎ ወዳጅ ዘመድ በሚሰበሰብበት ቤት ይህን መጠበቅ ቀላል አይደለም። ቢያንስ የሚያስልና ትኩሳት ያለው ጠያቂ እስኪሻለው ጉብኝቱን እንዲያቆይ መንገር ነውር ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

በመድረሻው ሀገር አሠራሩ ምን ይመስላል?

በአሜሪካ ክትባቱን ለማግኘት ሐኪም ቤት መሄድ ግድ አይደለም። በየሰፈሩ ያሉ ትልልቅ ፋርማሲዎች በሠለጠነ ፋርማሲስት ይሰጣሉ። በተለምዶ «ፍሉ ሻት» ይባላል፤ በብሪታንያ ደግሞ «ፍሉ ጃብ» ይሉታል። ቀጠሮ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ይያዛል፤ ብዙዎቹም ያለ ቀጠሮ ያስተናግዳሉ። ተከታቢው ስሙንና የተወለደበትን ቀን ይጠየቃል። እዚህ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያውቁትን ሳይሆን በፓስፖርቱ ላይ የተጻፈውን መስጠት ያስፈልጋል፤ ሁለት የተለያዩ ቀኖች ከተመዘገቡ በኋላ መረጃውን ማግኘት ያስቸግራል።

ቀጥሎ የጤና ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ከዚህ በፊት በክትባት ምክንያት ብርቱ አለርጂ ደርሶ እንደሆነ፣ «ጊላን ባሬ» የተባለው የነርቭ ሕመም ይዞ እንደሆነ፣ ዛሬ ትኩሳት እንዳለ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወሰድ እንደሆነ ይጠየቃል። ወላጁ ቋንቋውን ካላወቁ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሊያስረዳላቸው ይችላል። ነገር ግን የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዞ መሄድ ከአስተርጓሚም ይበልጣል። በሀገር ቤት የተሰጠ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ስሙ በማሸጊያው ላይ ስለሚነበብ ስሕተትን ይቀንሳል።

ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። የአረጋውያን ሰውነት ለተራው ክትባት የሚሰጠው ምላሽ ደከም ያለ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ለዚህ የዕድሜ ክልል ከፍተኛ መጠን ያለው፣ ወይም የሰውነትን ምላሽ የሚያጎለብት ንጥረ ነገር የተጨመረበት፣ ወይም በልዩ ዘዴ ያለ እንቁላል የተመረተ ክትባት ይመረጣል። ፋርማሲው ካለው ከእነዚህ አንዱን እንዲሰጥ መጠየቅ ይገባል። ከሌለ ግን የተገኘውን መውሰድ ጨርሶ ካለመውሰድ ይሻላል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ለጎብኚ የሚገዛ የጉዞ መድን ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ሕመምን እንጂ የመከላከያ ክትባትን አይሸፍንም። ስለሆነም ክፍያው ከኪስ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ከፋርማሲ ፋርማሲ ስለሚለያይ አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ፣ እንዲሁም የአካባቢው የጤና መምሪያ በነፃ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጥባቸው ቀናት እንዳሉ ማጣራት ይጠቅማል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን፣ መድን በሌለው ሰው ላይ ከሚመጣ የአንድ ቀን የሆስፒታል ሂሳብ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እጅግ አነስተኛ ነው። ከክትባቱ በኋላ የሚሰጠውን ወረቀት ከቢጫ ወባ ካርድ ጋር አብሮ ማስቀመጥ ለቀጣዩ ጉዞም ይረዳል።

ለሑጃጆች

ሐጅ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ሰዎች በአንድ ስፍራ፣ በተመሳሳይ ቀናት የሚሰበሰቡበት በመሆኑ የመተንፈሻ አካል በሽታዎች በቀላሉ ይዛመታሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከሑጃጆች በግዴታ የምትጠይቀው የማጅራት ገትር ክትባትን ነው፤ ይህም ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከኢትዮጵያ ለሚሄዱም የቢጫ ወባ ካርድ ያስፈልጋል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከውጭ ለሚመጡ ሑጃጆች ሲመከር የቆየ ነው፤ በተለይ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ነባር ሕመም ላለባቸው። መመሪያው በየዓመቱ ሊታደስ ስለሚችል የዘንድሮውን ከጉዞ አዘጋጆች መጠየቅ ያስፈልጋል። የሐጅ ወቅት በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ በሚቀጥሉት ዓመታት ከሙቀቱ ወራት እየራቀ ወደ ቀዝቃዛዎቹ ወራት ይጠጋል። ይህም ከኢንፍሉዌንዛ ወቅት ጋር ያለውን ርቀት ያጠብበዋል።

አራስ ልጅ ለመጠየቅ ለሚሄዱ እናቶች

ብዙ እናቶች ባሕር ተሻግረው የሚሄዱት ልጃቸው ስትወልድ ለመድረስ፣ ገንፎ አገንፍተው አራሷን ለመንከባከብ ነው። እዚህ ላይ ክትባቱ ከተጓዧ አልፎ ለጨቅላው ይተርፋል። ዕድሜው 6 ወር ያልሞላው ሕፃን ይህን ክትባት መውሰድ አይችልም። መከላከያው ከሁለት ወገን ብቻ ይመጣለታል፤ እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ተከትባ ካወረሰችው፣ እንዲሁም የሚያቅፉት ሰዎች በሽታውን ካላመጡበት። ከሩቅ የመጣች አያት ሕፃኑን ከማቀፏ ሁለት ሳምንት አስቀድማ ብትከተብ የተሻለ ነው። ያ ካልሆነ ትኩሳትና ሳል በተሰማት ቀን ሕፃኑን ለሌላ ሰው መስጠትና አፍና አፍንጫዋን መሸፈን ይኖርባታል።

አብረው የሚጓዙ ሕፃናትም ይታሰባሉ። ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት የሆነ ልጅ ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ቢያንስ 4 ሳምንት ልዩነት ያላቸው ሁለት ክትባቶች ያስፈልጉታል።

የተለመዱ ሥጋቶች

«ክትባቱ ራሱ ያሳምማል» የሚለው አባባል በስፋት ይሰማል። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለበት ኢንፍሉዌንዛን ሊያስይዝ አይችልም። የክንድ ሕመም፣ ቀላል ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊሰማ ይችላል፤ ይህም ሰውነት መከላከያውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል። አንዳንዱ ደግሞ በተከተበ ሳምንት የሚታመመው መከላከያው ገና ሳይገነባ በመጋለጡ፣ ወይም በሌላ ቫይረስ በመያዙ ነው።

«እንቁላል አይስማማኝም» የሚሉም አሉ። አሁን ባለው የአሜሪካ መመሪያ የእንቁላል አለርጂ ክትባቱን አይከለክልም። ነፍሰ ጡሮችም በየትኛውም የእርግዝና ወር በመርፌ የሚሰጠውን መውሰድ ይችላሉ።

ክትባቱ ፍጹም ጋሻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር በሚገባ በተስማማባቸው ዓመታት በበሽታው ተይዞ ሐኪም ቤት የመሄድን ዕድል ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። በአረጋውያን ላይ ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ዋናው ጥቅሙ ቢያዙም እንኳ በጽኑ የመታመምንና የመሞትን አደጋ መቀነሱ ነው። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ማር ጉሮሮን ሊያለዝቡ፣ ሰውነትን ሊያሞቁ ይችላሉ፤ የክትባትን ቦታ ግን አይተኩም።

ከታመሙስ?

በውጭ ሀገር ሳሉ ድንገተኛ ትኩሳትና ቁርጥማት የጀመራቸው አረጋውያን «ያልፋል» ብለው መጠበቅ የለባቸውም። ለኢንፍሉዌንዛ የሚሰጥ እንደ «ታሚፍሉ» ያለ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት አለ። የበለጠ የሚሠራው ግን ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ከሀገር ቤት ተይዞ የተሄደ አሞክሳሲሊን ወይም ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረሱን አይገድለውም። ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ግራ መጋባት፣ ሽንት መቀነስ፣ ወይም ተሽሎ ከነበረ በኋላ ትኩሳቱና ሳሉ ተመልሶ መባባስ ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ወጪ ላለማብዛት ሲሉ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ይህ ይሉኝታ በሽታው በቶሎ የሚታከምበትን ጊዜ ያሳልፋል። ልጆችም «ደኅና ነኝ» የሚለውን መልስ ብቻ ሳይሆን ትኩሳቱን በመለኪያ፣ አተነፋፈሱን በዓይን መከታተል ይኖርባቸዋል።

በጥቅሉ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ሦስት ነገሮች ቢታሰቡ ይበቃል። የሚደረስበት ወር በዚያ ሀገር የበሽታው ወቅት መሆን አለመሆኑ፣ ክትባቱ ከመነሣት በፊት መገኘት አለመገኘቱ፣ ካልተገኘም በመድረሻው ከተማ በየትኛው ፋርማሲና በምን ዋጋ እንደሚሰጥ። የመጀመሪያውን የሀገር ቤቱ ቤተሰብ፣ ሁለተኛውን ተጓዡ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ተቀባዩ ልጅ በአንድ የስልክ ጥሪ ሊያጣራው ይችላል።